ዓይናችን ያየውን ካሜራው ለምን አያገኘውም?

ከሙሽራው አናት ላይ የመብራት ምሰሶ የበቀለበት ፎቶ የሌለው የሠርግ አልበም ጥቂት ነው። ሱፉ ልክክ ብሎበታል። ሚዜዎቹ ፈገግ ብለዋል። ምሰሶው ግን ከመሃል አናቱ ተነስቶ ወደ ሰማይ ወጥቷል። ፎቶውን ያነሳው ሰው ዓይኑ ጤነኛ ነው። ምሰሶውም ከየትም አልመጣም፤ እዚያው ቆሞ ነበር። ታዲያ እንዴት ሳያየው ቀረ?

የዚህ ጥያቄ መልስ «የፎቶ ዓይን» የምንለውን ነገር ከሥሩ ያስረዳል። ብዙ ሰው የፎቶ ዓይንን ተሰጥኦ አድርጎ ይቆጥረዋል። «እሷ ዓይን አላት፣ እኔ የለኝም» ብሎ ይተወዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በተፈጥሮው የሚቀድም ሰው መኖሩን አልክድም። ግን የፎቶ ዓይን በአብዛኛው እውቀትና ልምምድ ነው። እውቀቱም ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። ዓይናችንና ካሜራው አንድ ዓይነት ነገር አያዩም። ልዩነታቸውን ለይቶ ያወቀ ሰው፣ ካሜራው ምን እንደሚሰጠው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ይገምታል። ገምቶም ይመርጣል። ፈጠራ የሚባለው ያ ምርጫ ነው።

አእምሮ የሚሰርዘውን ካሜራ አይሰርዝም

ክንዳችሁን ዘርጉና የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ተመልከቱ። ዓይናችን በአንድ ቅጽበት አጥርቶ የሚያየው ስፋት ከዚያ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። 2 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ብዥ ያለ ነው። ብዥታው የማይታወቀን ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ስለሚዘል ነው። አእምሯችን ቁርጥራጩን እየሰበሰበ አንድ ሙሉ ትዕይንት አድርጎ ያቀርብልናል። ዓይን የት የት እንደሚዘል የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው ፍላጎታችን ነው። ሙሽራ የሚያነሳ ሰው ዓይኑ ከፈገግታው ወደ ክራባቱ፣ ከክራባቱ ወደ ሙሽሪት ይሄዳል። ምሰሶው ላይ የሚያርፍበት ምክንያት የለውም። ቢያርፍም አእምሮው «ይሄ ከኋላ ያለ ነው፣ አያገባንም» ብሎ ያልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንን የሚያሳይ ዝነኛ ሙከራ አሳተሙ። ሰዎች አንድ ቪዲዮ እንዲያዩ ተደረገ። ቪዲዮው ላይ ነጭና ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ሁለት ቡድኖች ኳስ ይቀባበላሉ። ተመልካቹ የአንዱን ቡድን ቅብብል እንዲቆጥር ተነገረው። በመሃል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በተጫዋቾቹ መካከል ገብቶ፣ ደረቱን ደልቆ ወጣ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ ጎሪላውን አላዩትም።

«እነሱ ተራ ሰዎች ስለሆኑ ነው» የሚል ካለ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት የሳንባ ምስል ላይ ትንሽ የጎሪላ ፎቶ ተጨምሮ ለ24 የራጅ ሐኪሞች ተሰጠ። ጎሪላው ከሚፈልጉት እባጭ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። 20ዎቹ ሳያዩት አለፉ። እነዚህ ሥራቸው ምስል ማየት የሆነ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የዓመታት ልምድ ብቻውን አያድንም። ምን ለማየት እንደተነሳን ነው የምናየውን የሚወስነው።

ካሜራ ግን ምንም አይፈልግም። ለሙሽራውም ለምሰሶውም እኩል ነው። በዚያ ላይ ጠፍጣፋ ነው። እኛ ሁለት ዓይን ስላለን፣ አካባቢውንም ስለምናውቅ፣ ምሰሶው አሥር ሜትር ከኋላ እንዳለ አንስተውም። ፎቶ ላይ ያ አሥር ሜትር ይጠፋል። የኋላው ከፊቱ ጋር ይለጠፋል።

መላው ቀላል ነው። ከመጫናችሁ በፊት አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጥልቀቱ ስለሚቀንስ ምን ከምን ጋር እንደሚለጠፍ ይታያችኋል። ቀጥሎ የፍሬሙን አራት ጠርዝ በዓይናችሁ ዙሩት። ቀስ ብላችሁ፣ ከአንዱ ማዕዘን ጀምራችሁ። ግማሹ የተቆረጠ እጅ፣ የቆሻሻ ፌስታል፣ የሰው ትከሻ፣ ሁሉም የሚገባው በጠርዝ በኩል ነው። ምሰሶውን ለማስወጣት ደግሞ ሙሽራውን ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይበቃል።

የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ መሆኑም አብሮ መታወቅ አለበት። ከመንገዱ ማዶ ኳስ የሚያንጠባጥብ ልጅ አያችሁ እንበል። ለእናንተ ልጁ መላውን ትዕይንት ሞልቶታል። ፎቶው ሲወጣ ግን ልጁ ጥፍር አክሎ ይገኛል። አስፋልቱ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውና የቆመው ሚኒባስ ሞልተውታል። ስልኩ አልተሳሳተም። ልባችሁ የተጠጋውን ያህል እግራችሁ አልተጠጋም። በጣት ዙም ከማድረግ ይልቅ መቅረብ ይሻላል።

መቅረብ ካነሳን አይቀር፣ ሰውን ስትቀርቡ ሰላምታ ይቅደም። «እንደምን አደሩ እማማ፣ ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል?» ማለት ፎቶውን አያበላሸውም። ያምርበታል እንጂ። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። «እልክልዎታለሁ» ብላችሁ ቃል ከገባችሁ ደግሞ ላኩ። በየመንደሩ ፎቶ ተነስቶ ተመልሶ ያላየው ሰው ስንት እንደሆነ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ሰማያዊው ሸራና ነጩ ነጠላ

ገበያ ውስጥ ሰማያዊ ሸራ ወጥራ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት አለች። ፊት ለፊቷ ስንቆም ቲማቲሙ ቀይ ነው፤ ፊቷም የጠይም ፊት ቀለም ነው። ፎቶ ስናነሳት ግን ፊቷ የታመመ ሰው መስሎ፣ ቲማቲሙም ሞቶ ይወጣል። የሆነው ይሄ ነው። በሸራው አልፎ የሚደርሰው ብርሃን ሰማያዊ ነው። አእምሯችን የቲማቲምን ቀለም ስለሚያውቅና ከአካባቢው ጋር ስለሚያነጻጽር፣ ሰማያዊውን ቀንሶ ቀዩን ይመልስልናል። ይህን የሚያደርገው ሳያማክረን ነው። ካሜራውም በራሱ መንገድ ቀለሙን ለማረም ይሞክራል። ግን ከሸራው ሥር ሰማያዊ ብርሃን፣ ከዳር የፀሐይ ብርሃን ሲደባለቅበት ግራ ይገባዋል። አንዱን ሲያርም ሌላውን ያበላሻል።

ይህን ያወቀ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ሴትየዋ ወደ ሸራው ዳር ትንሽ ወጣ እንድትል መጠየቅ አንድ ነው። ፊቷ ላይ የሰማዩ ብርሃን ሲያርፍ ቀለሟ ይመለሳል። ሁለተኛው ሰማያዊውን መቀበል ነው። እጇ፣ ሚዛኑ፣ ቲማቲሙ፣ ሁሉም በሰማያዊ ሰጥሞ፣ ከሸራው ቀዳዳ የገባች አንዲት የፀሐይ ጨረር ብቻ አንዱን ቲማቲም ቀይ ብታደርገውስ? ይህ ስህተት አይደለም። ቀለሙ ራሱ የፎቶው ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ትክክል የማይሆነው ሳያውቁት ሲሆን ነው።

ቀለምን አውቆ በመምረጥ ረገድ የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች ደጋግሞ ማየት ይጠቅማል። አይዳ እ.ኤ.አ. በ1974 ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደች ፎቶ አንሺ ናት። አዲስ ፎቶ ፌስትን በ2010 የመሠረተችውም እሷ ናት። ሥራዎቿ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ እንደ ልብ ይታያሉ። የሞዴሎቿ ፊትና ሰውነት ይቀባል፤ ልብሱና ጀርባው ይታሰብበታል። እዚያ ፍሬም ውስጥ በአጋጣሚ የገባ ቀለም ማግኘት ይከብዳል። የመንገድ ፎቶ ለሚያነሳ ሰውም ትምህርቱ ይሠራል። መንገድ ላይ ቀለሙን መቀባት አንችልም። ቀዩ ጃንጥላ ቢጫው ግድግዳ ጋ እስኪደርስ መጠበቅ ግን እንችላለን።

ከቀለም ይልቅ እኛ አገር ሰውን የሚያሰቃየው የብርሃን መጠን ነው። የጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች አስታውሱ። ነጠላው ነጭ፣ ፀሐዩ ብርቱ፣ የሰዉ ፊት ግን ጥቁር ጥላ። ይህ የሚሆነው ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት ነው። የተለመደው መለኪያ 18 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ግራጫ ነው። ፍሬሙ በነጭ ልብስ ሲሞላ ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ ፊት ደግሞ ድብን ይላል። የእኛ ዓይን ግን ነጠላውንም ፊቱንም ተራ በተራ እያየ፣ ለእያንዳንዱ ራሱን ስለሚያስተካክል ችግሩን አያውቀውም።

የአሁን ስልኮች ፊት ለይተው ስለሚያውቁ ነገሩ ተሻሽሏል። ያም ሆኖ በራስ እጅ መያዝ ይሻላል። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩ። የፀሐይ ምልክቷ ስትመጣ ወደ ላይ ግፉ። ፊቱ ይበራል። በለውጡ ግን ነጠላው ከመጠን በላይ ነጥቶ የጥለቱ ዝርዝር ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱን ለማዳን ሰውየውን ከፀሐይ ማውጣት ነው። የቤት ደጃፍ ላይ፣ ከጣራው ጥላ ሥር፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ይቁም። ብርሃኑ ለስላሳ ሆኖ ከፊት ይመጣል። እኔ ከዚህ የተሻለ ነጻ ስቱዲዮ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ጠይምና ጥቁር ፊት ፎቶ ላይ የማያምረው በቆዳው ምክንያት የሚመስለው ሰው አሁንም አለ። ጥፋቱ የቆዳው አይደለም። የፊልም ቀለም ለረጅም ዘመን ሲስተካከል የኖረው በነጭ ቆዳ ነው። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች ይልከው የነበረው ማነጻጸሪያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ካርዱም «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። ጥቁር ፊት በጎን በሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ሲነሳ ያለውን ውበት ሌላ ቆዳ አይሰጥም። ብርሃኑን ማየት የተማረ ፎቶ አንሺ ነው የጎደለው።

ጥቁሩ ሰማይ

እስካሁን ያወራነው ስህተትን ስለ መከላከል ነው። ልዩነቱን አውቆ ወደ ራስ ጥቅም ማዞር ግን ሌላ ደረጃ ነው። ለዚህ ከአንሰል አዳምስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አዳምስ የአሜሪካን ተራሮች በጥቁርና ነጭ በማንሳት የታወቀ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1927 ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከጓደኞቹና በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከቨርጂኒያ ቤስት ጋር ካሊፎርኒያ ባለው ዮሰሚቴ ፓርክ ውስጥ በረዶ እየረገጠ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ወጣ። ፊት ለፊቱ ሃፍ ዶም የሚባለው ግዙፍ ዓለት ቆሟል። ያን ጊዜ የሚያነሳው በመስታወት ነጌቲቭ፣ ማለትም ምስሉ በሚቀረጽበት መስታወት ላይ ነበር። መስታወቱ ከባድ ስለሆነ የያዘው ጥቂት ነው። እዚያ ሲደርስ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

አንዱን እንደ ወጉ በቢጫ ፊልተር (ሌንስ ፊት በሚገጠም ባለ ቀለም መስታወት) አነሳው። ካነሳ በኋላ ግን ቆም ብሎ አሰበ። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ሰማዩ ግራጫ እንደሚሆን ታየው። ዓለቱ ትክክለኛ መልኩን ይዞ ይወጣል። እሱ የተሰማው ክብደትና ግርማ ግን አይኖርም። ያለው አንድ ነጌቲቭ ነው። ሌንሱ ላይ ጥቁር ቀይ ፊልተር ገጠመና አነሳው።

ቀይ ፊልተር ሰማያዊ ብርሃንን አያሳልፍም። ስለዚህ ሰማዩ ጥቁር ወደመሆን ደረሰ። ጥላ ውስጥ ያለው የዓለቱ ገጽም የሚበራው በሰማዩ ሰማያዊ ብርሃን ስለነበረ እሱም ጠቆረ። በረዶው ብቻ ነጭ ሆኖ ቀረ። ዓለቱ ከጨለማ ውስጥ የወጣ መሰለ።

በዚያን ዕለት ጥቁር ሰማይ ያየ ሰው የለም። አዳምስም አላየም፤ በዓይኑ ማለቴ ነው። በአእምሮው ግን ከመጫኑ በፊት አይቶታል። ሊያየው የቻለው ፊልተሩ ሰማያዊን ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቅ ነው። ስሜቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውንም በቢጫ ያነሳው ነበር። የፊልተሩ እውቀት ብቻውን ቢሆን ደግሞ የትኛውን እንደሚመርጥ አያውቅም ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ያ ፎቶ የተወለደው።

ይህንን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። ማለዳ ላይ መንገድ የሚጠርጉ እናቶችን አዲስ አበባ ውስጥ ያላየ የለም። ፀሐይዋ ከወደ ፊታችሁ ዝቅ ብላለች። ከመጥረጊያው ሥር የሚነሳው አቧራ በፀሐይዋ በርቷል። ብዙዎቻችን ስልካችንን አውጥተን ዝም ብለን እንጫናለን። ካሜራው የመሃል መንገድ ይዞ ፊቷንም ያጨልማል፣ አቧራውንም ያደበዝዛል። ማንንም አያስደስትም።

ቆም ብላችሁ «ጉዳዬ ምንድን ነው?» ብትሉስ? ጉዳዩ እሷ ከሆነች፣ ዞራችሁ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ ወይም ከጎናችሁ አድርጉ። አስፈቅዳችሁ ቅረቡ። እጇ፣ ሻሿ፣ ፊቷ ይታይ። ጉዳዩ ብርሃኑ ከሆነ እዚያው ቁሙና ስክሪኑ ላይ የበራውን አቧራ ንኩ። ምስሉ ይጨልማል። እሷ ጥቁር ቅርጽ ትሆናለች፤ አቧራው ወርቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ቅርጿ ግልጽ እንዲሆን ክንዷ ከሰውነቷ የሚለይበትን ቅጽበት ጠብቁ። ክንዷ ከሰውነቷ ጋር ከተጣበቀ ሰው መሆኗ እንኳ አይለይም። ጉዳዩ ድካሙና እንቅስቃሴው ከሆነስ? በካሜራ የመዝጊያውን ፍጥነት ወደ 1/15 ሰከንድ ዝቅ ማድረግ፣ በስልክ ደግሞ ረጅም ቀረጻ የሚለውን መምረጥ ነው። ካሜራውን ግድግዳ ላይ ደግፉት። መንገዱ ጥርት ብሎ ይቆማል። መጥረጊያው ግን እንደ ጭስ ይሆናል። ዓይናችን እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ጊዜን በአንድ ምስል ላይ የሚያጠራቅመው ካሜራ ነው።

አንዲት ሴት፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ማለዳ፣ ሦስት የተለያዩ ፎቶዎች። ልዩነቱ የመጣው ከማሽኑ አይደለም፤ ቀድሞ ከተነሳው ጥያቄ ነው።

የእኛ ፀሐይ ትቸኩላለች

ከውጭ የተጻፉ ምክሮችን ያነበበ ሰው ስለ «ወርቃማው ሰዓት» ሰምቷል። ፀሐይ ዝቅ ብላ ብርሃኗ የሚሞቅበት ጊዜ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ይህ ሰዓት ሰዓት አይሞላም። ከተማው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። የመጨረሻዎቹን 6 ዲግሪዎች ወርዳ እስክትጠልቅ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅባትም። ስቶክሆልም ያላችሁ አንባቢዎች በሰኔ አንድ ሰዓት ያህል ታገኛላችሁ። እዚያ ፀሐይ አግድም እየተንሸራተተች ስለምትወርድ ነው። እኛ ጋ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ቦታውን ቀድሞ መምረጥ፣ በቀትር ሄዶ ማጥናት፣ ከዚያ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ እዚያ መገኘት ያስፈልጋል።

ቀትርም ቢሆን የሚጣል አይደለም። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከዓይን ሥር ጥላ ስለምትጥል ለፊት ፎቶ መጥፎ ናት። ለጥላ ግን ደህና ናት። የቆርቆሮ ጣራ ሸንተረር፣ የደረጃ ጥርስ፣ ግድግዳ ላይ የወጣ ሚስማር፣ ሁሉም በቀትር ስለት ያለው ጥላ ይጥላሉ።

ግርማ በርታ የተባለው የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ጥላን በደንብ ተጠቅሞበታል። በስልኩ የመንገድ ሰዎችን ያነሳል። ሊስትሮውን፣ ተሸካሚውን፣ ሻጩን ከነጥላቸው ከመንገዱ ነጥሎ፣ አንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ያስቀምጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በዚህ ሥራው የፎቶ ኩባንያው ጌቲ ኢሜጅስ ከኢንስታግራም ጋር ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ አሸንፏል። እኔን የሚደንቀኝ ቀለሙ ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው ግርግር ብቻ የሚያይበት መንገድ ላይ እሱ አንድ ሰውና አንድ ጥላ ማየቱ ነው። መንገዱን ከፎቶው ያወጣው ኋላ ቢሆንም፣ ከዓይኑ ግን ቀድሞ አውጥቶታል።

አንድ ብርጭቆ ሻይ

ልምምዱን አሁን እንጀምር። ማለዳ፣ መስኮት አጠገብ፣ ቀይ ሻይ በብርጭቆ። ሃያ የተለያዩ ፎቶዎች አንሱ። ሻዩን አታንቀሳቅሱ፤ እናንተ ተንቀሳቀሱ።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ከተቀመጣችሁበት ከፍታ፣ ብርጭቆው መሃል ላይ። አእምሯችሁ «ይሄ ሻይ ነው» ብሎ ጨርሷል። ትሰለቻላችሁ። እባካችሁ እዚያ ላይ አታቋርጡ። መሰልቸቱ የመጣው የምታውቁትን ጨርሳችሁ ስላነሳችሁ ነው። ቀጣዩ ፎቶ የማታውቁት ይሆናል።

አሁን ጠረጴዛውን ተመልከቱ። በሻዩ ውስጥ ያለፈው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ጥሏል። መሃሉ ላይ ከሌላው የደመቀች ብርቱካናማ መስመር አለች። ብርጭቆው ክብ ስለሆነ ብርሃኑን ሰብስቦት ነው። ዝቅ በሉ፤ አገጫችሁ ጠረጴዛውን እስኪነካ። የብርጭቆው አፍ ክብ መሆኑ ቀርቶ ቀጭን መስመር ሆነ። እንፋሎቱስ? ከነጭ ግድግዳ ፊት አይታይም። መስኮቱን ፊት ለፊታችሁ አድርጋችሁ፣ ከብርጭቆው ኋላ ጨለማ ነገር እንዲሆን ትንሽ ብትዞሩ ግን ብን ብሎ ሲወጣ ይታያል። የፈሰሱት የስኳር ፍሬዎች እያንዳንዳቸው ጥላ አላቸው። ዓይናችሁን አጥብባችሁ ስታዩ ዝርዝሩ ይጠፋና ጨለማውና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። ፎቶው በትንሹ የስልክ ስክሪን ላይ ሲታይ ቀድሞ ዓይን የሚይዘው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1928 የሃንጋሪ ተወላጁ አንድሬ ከርቴስ ፓሪስ ውስጥ አንዲት ሹካ አነሳ። ሹካዋ ሳህን ጠርዝ ላይ ተደግፋለች። ጥላዋ ከሥሯ ወድቋል። ሌላ ምንም የለም። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም ሰው ይህን ፎቶ ያያል። ከርቴስ እራቱን አላነሳም፤ መስመርና ጥላ ነው ያነሳው።

«እኔ ያለሁበት ቦታ የሚነሳ ነገር የለውም» ለሚል ሰው ደግሞ የቼኩን ፎቶ አንሺ ዮሴፍ ሱዴክን እጠራለሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን አጥቷል። ፕራግ በጀርመን ጦር ሥር ሳለች፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ የስቱዲዮውን መስኮት ማንሳት ያዘ። እስከ 1954 ድረስ ቀጠለበት። አንድ መስኮት ነው። ከውጭ አንድ ጠማማ ዛፍ አለ። መስታወቱ አንድ ቀን ጤዛ፣ አንድ ቀን አመዳይ፣ አንድ ቀን የዝናብ ጠብታ ለብሷል። ያ ሁሉ ዓመት አልበቃውም።

የክረምት ዝናብ ሲጥል ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሱዴክ ዓይነት መስኮት አጠገቡ አለ። በእንፋሎት የተሸፈነ መስታወት፣ ከውጭ የተዘረጉ ጃንጥላዎች፣ ከፊት ያለው መኪና ቀይ መብራት። ፎከሱን ጠብታው ላይ ካደረጋችሁት ውጪው ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ውጪው ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ጠብታው መጋረጃ ይሆናል። ወራጅ እስክትሉ ድረስ ሁለቱንም መሞከር ይቻላል።

ምርጫው ላይ

ማንሳቱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ትዝታ ጠላት ይሆናል። ያን ዕለት ተራራውን ስትወጡ ደክሟችሁ ነበር፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ አብሯችሁ የነበረው ሰው ያስቃችሁ ነበር። ፎቶውን ስታዩ ይህ ሁሉ ይመጣል። ፎቶው ላይ ግን የለም።

ጋሪ ዊኖግራንድ የተባለው የኒውዮርክ የመንገድ ፎቶ አንሺ ያነሳውን ፊልም ቶሎ አያጥብም ነበር። አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ያቆየዋል። ሲያነሳ የተሰማው ስሜት ፍርዱን እንዳያዛባበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሞት 2,500 ያህል ያልታጠበ ጥቅል ፊልም ትቶ ነው የሄደው። እስከዚያ መድረስ አያስፈልግም። ግን ማታውኑ ቁጭ ብሎ ማጥፋትም፣ ማታውኑ መለጠፍም ጥሩ አይደለም። ጥቂት ሳምንት ይቆይ።

ከዚያ በቦታው ላልነበረ ሰው አሳዩት። ምንም አታስረዱ። «መጀመሪያ ያየኸው ምንድን ነው?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። ያሰባችሁትን ካለ ሠርቷል። «ይሄ ቢጫ ጀሪካን» ካላችሁ፣ እናንተ ያላያችሁትን ጀሪካን ካሜራው አይቶታል ማለት ነው። ወንድምና እህት ለዚህ ከባለሙያ ይሻላሉ፤ አያስመስሉም።

ያልሠራውን ፎቶ አታጥፉት። የት ላይ እንደሳተ ፈልጉ። የኋላው ከፊቱ ጋር ተለጥፎ ነው? ቀለሙን አእምሯችሁ አርሞት ነበር? ብርሃኑን የለካው ነጠላው ላይ ነው? ወይስ መጀመሪያውኑ ጉዳያችሁ ምን እንደሆነ አልወሰናችሁም ነበር? ካገኛችሁት በኋላ ወደዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ተመለሱና እንደገና አንሱት።